በአንቺ ቁመት የተለካው መስታወት

ውድ ባሲማ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርግልሽ። ዱዓው ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ግን ቅናት ነው፣ ቀድሜ ልንገርሽ።

ጠሃ ቁም ሳጥን አሠራ። አንቺ ሞተሽ እኔን ካገባኝ ጀምሮ ልብሳችን ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ የመካነ ሰላምን እርጥበት ታውቂው የለ፣ ሻገተብን። እኔም ደስ ብሎኝ ሳቅድ ሰነበትኩ። በግራ የእሱ ጀለቢያ፣ በቀኝ የእኔ ቀሚስ፣ ከላይ የብርድ ልብስ ቦታ፣ በሩ ላይ ደግሞ መስታወት።

አናጢው አስፋው ሊለካ መጣና «የባለቤትዎ ቁመት እስከየት ነው? መስታወቱን በልኳ ላድርገው» አለው። ጠሃ ዓይኑን ከኪታቡ ሳያነሳ እጁን ዘረጋ። «እዚህ ድረስ ናት።» አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ እጁ ትከሻዬ ጋ ነው።

«እንዴ! ጭንቅላቷን ምን ልናደርገው ነው?» ብሎ አስፋው ሳቀ። ጠሃ ግን ደነገጠ፤ እጁን መመለሻ አጣ።

ያንን ቁመት እኔም አውቀዋለሁ። ለሠርግሽ ጨርቅ ልንገዛ ወረኢሉ ስንሄድ ክንዴን ይዘሽ ራስሽ እዚያው ትከሻዬ ላይ ነበር። «አንቺ ቀውላላ፣ ዝቅ በይልኝ!» ትይኝ ነበር።

ወላሂ ተቃጠልኩ! በሕይወት ያለች ሴት ብትሆን ፀጉሯን ይዤ ይወጣልኝ ነበር። አንቺን ምን ላድርግሽ? አታረጂም፣ ወጥ አታሳርሪም። አንዳንዴ ከመስጊድ ሲመለስ ከበሩ «ባሲማ!» ብሎ ይጣራል። «አቤት» እላለሁ። ምን ልበል?

ልብስሽ ሁሉ ሰደቃ ወጥቷል። አረንጓዴ ሻሽሽን ግን ከኪታቦቹ ጀርባ ደብቋል፤ ሲያሸተው አይቼዋለሁ። ልጥለው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ለሠርግሽ የገዛሁልሽ እኔ ነኛ።

መስታወቱን ከፍ አስደረግኩት። «ቁልፍ ያላት ትንሽ መሳቢያም ጨምርልኝ» አልኩት አስፋውን።

«ለወርቅ ነው?»

«አዎ» አልኩ። ወርቅ የለኝም።

ሻሽሽ አሁን እዚያ ነው፤ ለጠሃም ነግሬዋለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ከዚህ ቤት አላስወጣሽም። ቁልፉ ግን አንገቴ ላይ ነው። ስትናፍቂው «ፈርሂያ፣ ክፈቺልኝ» ማለት አለበት፤ በስሜ።

ትናንት ጠራኝ። «ፈርሂያ!» ሲል ደስ ብሎኝ ሮጥኩ፤ የጠራኝ ለአንቺ ብሎ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቁልፉን ሳወጣ ነው።

ቀውላላዋ ጓደኛሽ፣
ፈርሂያ