በእርሳስ የተጻፈ ሁለት

ውድ ዛሃሪ፣

ስልክህን አታነሳም። ደግ፣ አታንሳ። ይህችን ግን ፖስተኛው በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ፤ መንደራችሁ ትንሽ ናት፣ የት ትደበቃለህ? እየጻፍኩ በየመሃሉ እነሳለሁ፣ ምድጃው ላይ የጣድኩትን ቀይ ቃሪያ አገላብጣለሁ፣ መስኮት ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ። እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። ጥለኸን ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ነኝ።

መምህራን ክፍል ያለው ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም። አክብረውህ እንዳይመስልህ፣ እግሩ ስለሚወዛወዝ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ነገር ከራሴ አልወርድ አለኝ። አንተም እዚያው ነበርክ፣ ግን ደጋግሜ ካላወራሁት አይወጣልኝም። ከተማው ሁሉ ለብርዱ ወራት በጠርሙስ የሚያሽገውን ቃሪያ ሲጠብስ፣ እኛ ኮምፒውተር ክፍል ታጉረን ስለ ኤሌክትሮኒክ የውጤት መዝገብ ስንሰለጥን። ከዋና ከተማው ከሶፊያ የመጣችው አሰልጣኝ፣ ፕላሜና፣ ልጃችን ልትሆን የምትችል፣ «አትፍሩት፣ አይነክስም» ስትለን፣ አንተ «ልጄ፣ የማይነክስ ነገር ይህን ሁሉ ስልጠና ምን አስፈለገው?» አልካት። ሳቅን። እሷም ሳቀች።

ለልምምድ የተሰጠን ገጽ ላይ ያሉት ተማሪዎች የፈጠራ ነበሩ። አንተ ደግሞ በሌለ ልጅ ላይ ውጤት መጻፍ አስጠላህና የራስህን የሰባተኛ ክፍል ገጽ ከፈትክ። «ለሙከራ ነው» ብለህ፣ በእርሳስ እንደምትጽፈው አድርገህ፣ ለተማሪህ ለራሊትሳ ሁለት፣ ከስድስቱ የመውደቂያውን ውጤት፣ ሰጠሃት።

የአንተን ሁለት እኔ አውቀዋለሁ። በእርሳስ የተጻፈ ሁለት ቀጠሮ ነው። ልጁ አጥንቶ ይመጣል፣ ሰሌዳው ፊት ይቆማል፣ ሁለቱ በላጲስ ይጠፋና አራት ወይም አምስት በቀለም ይገባል። እናትና አባት ሳይሰሙ ነገሩ ያልቃል። እኔም አንተም ያደግነው እንደዚሁ ነው። ያ ማሽን ግን እርሳስ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው ለወላጅ ስልክ ይልካል።

የራሊትሳ አባት ስፔን ውስጥ የጭነት መኪናውን ነዳጅ እየሞላ ሳለ መልእክቱ ደረሰውና ወዲያው ደወለ። ዳይሬክተሯ ቬሴላ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ስለያዘችው ጩኸቱን ሁላችንም ሰማነው። «ልጄ ሁለት? በሂሳብ? በቃ! የሶፊያ የሂሳብ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚባል ነገር ቀርቷል፣ አክስቷ ሱቅ ትግባ!»

«አጥፊልኝ» አልካት ፕላሜናን። ድምፅህ እንዲያ ሲሰልል ሰምቼ አላውቅም።

«መሰረዝ ይቻላል መምህር። ግን መሰረዙም ለወላጅ ይታያል።»

«ታዲያ ምኑ ተሰረዘ?»

«ቢታይ ምን ክፋት አለው? የኬሚስትሪ መምህሬ እንደ እርስዎ ደግ ነበሩ። በእርሳስ ሲያሳልፉኝ ከርመው፣ እናቴ መድከሜን የሰማችው ዓመቱ ሲያልቅ ነው።»

«እና?»

«እናማ እስከ ዛሬ ኬሚስትሪ አላውቅም።»

ኮትህን አነሳህ። «ዕድሜዬን ሙሉ ለልጅ በቀለም ሁለት ሰጥቼ አላውቅም። ዛሬ ሰጠሁ፣ ያውም በስህተት» ብለህ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣህ። ከዚያ የመጣልን የመልቀቂያ ወረቀትህ ነው።

ዛሃሪ፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ። በአንተም፣ በማሽኑም፣ በአሰልጣኟ ልጅም። ልጅቷ እውነቷን ነው። አንተም እውነትህን ነው። ሁለቱን እውነት ይዤ ነው ከምድጃው ወደ መስኮቱ የምመላለሰው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ፊት ለፊት ብሆን አፌ ይተሳሰር ነበር። ባለቤቴ የሞተ ዓመት ሥራ ያልተውኩት ለደመወዝ ወይም ለታሪክ ትምህርት ፍቅር እንዳይመስልህ። በእረፍት ሰዓት ከጎንህ ተቀምጬ ስትነጫነጭ ለመስማት ነበር። ስለ ዳቦው፣ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ሚኒስቴሩ ስትነጫነጭ። አሁን ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ ጸጥታው ደግሞ ያቅበጠብጠኛል።

ፕላሜና ለሁለተኛው ስልጠና ስትመጣ ገና ኮቷን ሳታወልቅ «መምህር ዛሃሪ የት አሉ?» አለች። ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው አንድ ቦታ ከፍታ አሳየችን፤ ከውጤቱ አጠገብ መምህሩ ለወላጅ በቃላት የሚጽፍበት ነው። «ገና አልገባትም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ትጠየቃለች» ብለህ ትጽፋለህ። ቁጥር የለውም። ወላጅ ያውቃል፣ ልጅም ጊዜ ታገኛለች።

«እንዲህ ያለ ነገር ካለ ቀድመሽ አትነግሪንም ነበር?» ብዬ ጮህኩባት።

«ከምሳ በኋላ ልነግራችሁ ነበር» አለች።

ከምሳ በኋላ! አንተ ሰው፣ ምሳህን በልተህ ብትኮርፍ ምን ነበረበት?

ቬሴላ ወረቀትህን እስካሁን አልፈረመችም። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ካልተገኘህ ግን ፈርማ ሌላ ሰው ትቀጥራለች፤ ሰውዬውን አግኝታለች። በሞቴ፣ ይህን እንደ ማስፈራሪያ አትቁጠርብኝ።

ትናንት ራሊትሳ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አባቷ ቁጣው በርዶለት፣ «እንደገና ተጠይቀሽ ካለፍሽ ሶፊያ ሄደሽ ትፈተኛለሽ» ብሏታል። እኔም ደስ ብሎኝ፣ የዚያኑ ዕለት ሌላ መምህር እንዲጠይቃት ላመቻችላት ብዬ ነበር።

«አይሆንም» አለች፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች። «ሁለቱን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ይጠይቁኝ።»

«የኔ ልጅ፣ ሌላው መምህርም ያው ሂሳብ ነው የሚጠይቅሽ።»

«እሳቸው አጥንቼ እንደምመጣ ያውቃሉ። ሌላው አያውቅም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ሰኞ ይመጣሉ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ይመጣል» አልኳት።

እየሮጠች ሄደች። አላማከርኩህም፤ ከአፌ ወጣ። ለተማሪ ዋሽቼ አላውቅም፣ ዛሃሪ፤ ትናንት ዋሽቼ እንደሆነ ደግሞ የማውቀው ሰኞ ጠዋት ነው።

ስኔዣና