ለመልእክተኛው የፈቀድኩት በር

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

የተሳፈርኩባት ማታቱ ኪሊማኒ ሳትደርስ ተበላሸች። ቀሪውን እስከ ክሊኒካችን በእግሬ። ቢሮ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳን ሳላስቀምጥ ስልኩ ጮኸ... አንድ ሰውዬ በፈጣን ስዋሂሊ "ሜሴጅ፣ ሜሴጅ" ይላል። ማስታወቂያ በጅምላ እንላክላችሁ ከሚሉት አንዱ መሰለኝ። "ሮንግ ነምበር" ብዬ ዘጋሁበት። አራት ዓመት እዚህ ናይሮቢ ኖሬ ስዋሂሊዬ ቲማቲም ከመግዛት አላለፈም።

ከዚያ አቶ ዓለምሰገድ ጠሩኝ፣ ዳይሬክተራችን። "ሐሊናዬ" ብለው ከጀመሩ ነገር አለ ማለት ነው። "ሐሊናዬ" አሉ።

እትዬ የሺወርቅ አርብ መጥተው አልቅሰው ሄደዋል። ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ሠሪ ናቸው። ሳንባቸውን ታመው የሚመረመሩትም መድኃኒት የሚወስዱትም እኛ ጋ ነው። አንድ የማያውቁት ወንድ ደውሎ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠርቶ የምርመራ ውጤታቸውን ነገራቸው። "አሠሪዬ ቢሰማ በዚያው ቀን ነው የሚያባርረኝ" ብለዋል። ከእናንተ መድኃኒት አልወስድም ብለውም ቀሩ። ስድስት ወር የሚወሰድ መድኃኒት፣ ገና በሁለተኛው ወር...

ደወልኩላቸው። የሰውዬውን ቁጥር ይስጡኝ ብል "ከእንግዲህ ከስልኬ ምንም አታገኙም" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ምን ይበሉ?

ውጤቱን ለበሽተኞች ስልክ የሚልከው ሰርቨሩ ላይ ቀን ከሌት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። መልእክተኛው እንለዋለን። የጻፈው ኢዮኤል ነው፣ ከእኔ በፊት የኮምፒውተር ሥራውን የያዘው። አሁን ጊጊሪ ሰፈር ትልቅ ድርጅት ገብቷል። መልእክተኛው ያሻው ፋይል ውስጥ ይገባል፣ የሚጠይቀው የለም። ምስጢሩ በእሱ በኩል ሳይወጣ አልቀረም። አቶ ዓለምሰገድ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ቀዳዳው ካልተደፈነ አገልግሎቱን እዘጋለሁ ብለዋል። ያኔ በሽተኛው ሁሉ ለአንድ ወረቀት ሲል እየመጣ ይሰለፋል።

ነሐሴ 9

ሰርቨሩ እኮ ጠባቂ አለው። ስሙ ኤስኢሊኑክስ ነው፣ እኔ ግን አስካሪ ብዬዋለሁ፣ እንደ ሕንጻችን ዘበኛ፣ በስዋሂሊ እንደዚያ ነው የሚባለው። አንድ ፕሮግራም የቱንም ያህል ሥልጣን ይኑረው፣ የሚገባበት በር ዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈለት አይገባም።

ታዲያ ይኼ ሁሉ ለምን ሆነ? ኢዮኤል ሲጭነው "ያስቸግራል" ብሎ እንዳይከለክል አድርጎት ነዋ። ያያል፣ ይመዘግባል፣ ያሳልፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ!

ዝርዝሩን መጻፍ ጀመርኩ። ኢዮኤል የውጤት ፎልደሮቹን የከፈለው በእኛ ወር ነው፣ በሽተኞቹ "በሐምሌ የተመረመርኩት" ስለሚሉ። ከ1 እስከ 12 ለእያንዳንዱ ፈቃድ ጻፍኩ። ዓይኔ ጠፋ።

ነሐሴ 15

አስካሪው ገና አልከለከለም። ብከለክል ኖሮ ምን እከለክል ነበር የሚለውን ብቻ ይጽፋል። 412 መስመር። ይኼ መልእክተኛ የማይነካው ነገር አለ እንዴ? ሰዓቱን ያነባል፣ ማተሚያውን ይነካካል... ማተሚያ ምን ያደርግለታል?

ኢዮኤል ጋ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውልልሻለሁ" የሚል ጽሑፍ ላከ። የሰኞውም መልስ ይኸው ነበር።

ነሐሴ 20

ያ ስዋሂሊ ተናጋሪ ደግሞ ደወለ። "ማዳም፣ ፕሊስ" ሲል ዘጋሁት። ሥራ የለኝም መሰለው?

ነሐሴ 23

አቶ ዓለምሰገድ ከጀርባዬ ቆመው። "አልደረሰም?" አልደረሰም። "ዛሬስ?" ለአምስተኛ ጊዜ። "አንቺ የምትጠብቂው ኮምፒውተሩን ነው በሽተኛውን?"

ተናደድኩ። የአስካሪውን ቅሬታ በሙሉ ሰብስቦ ወደ ፈቃድ የሚቀይር መሣሪያ አለ። አንድ ትእዛዝ ነው። እያነበብሽ እንጂ በጅምላ አትጠቀሚበት ይላል ትምህርቱ። እኔም ሌላውን ስመክር እንደዚያው ነው የምለው። ዛሬ ግን 412ቱንም አንድ ላይ ፈቀድኩና አስካሪው መከልከል እንዲጀምር አደረግሁ።

ሠራ። ሁሉም ውጤት ሄደ። አቶ ዓለምሰገድ ሳምቡሳ ገዙልኝ።

ነሐሴ 24

እትዬ የሺወርቅ ስልክ አነሱ። ተደፍኗል አልኳቸው። "እርግጠኛ ነሽ ልጄ?" አዎ አልኩ። የፊታችን ሐሙስ አክታ ሊሰጡ ይመጣሉ፣ ውጤቱ አርብ ይላክላቸዋል። መድኃኒቱን እንደገና የሚጀምሩት ምስጢራቸው እንዳልወጣ ሲያዩ ብቻ ነው።

ጳጉሜ 1፣ አርብ

ከጠዋት ጀምሮ አንድም ውጤት አልሄደም። ሠላሳ አንድ ሰው ይጠብቃል፣ የእትዬ የሺወርቅም አለበት። አቶ ዓለምሰገድ መጡ። "አጥፊው በቃ! ይኼን ዘበኛሽን አጥፊው።" ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ አልኩ። ሰዓታቸውን እያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

አስካሪው የከለከለው አንድ ነገር ነው። መልእክተኛው ፎልደር 13 ልክፈት ይላል። 13?

ወይ ጉድ። ጠዋት ስገባ የመግቢያ መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ "ጳጉሜ 1" ብዬ ፈርሜአለሁ። ለአስካሪው ስጽፍ ግን ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ዘጋሁት። የፈረንጅ ካሌንደር እንዲህ አደነዘዘኝ? ለአቶ ዓለምሰገድ ስነግራቸው እንደገና ሰዓታቸውን አዩ።

አፈርኩ። ይኼን ከሳትኩ ሌላ ምን ስቻለሁ ብዬ፣ ያን በጅምላ የፈቀድኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር በመስመር አነበብኩት። መሐል ላይ... መልእክተኛው ከኢዮኤል የግል ፎልደር ውስጥ "ሙከራ" የሚባል ፋይል እንዲያነብ ተፈቅዶለታል። ማን ፈቀደ? እኔ። ከፈትኩት። አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ።

በአቶ ዓለምሰገድ ስልክ ደወልኩ፣ ኢዮኤል የእሳቸውን ወዲያው ያነሳል።

"አይ እሱ? ስሠራው ለሙከራ ነው፣ የሚላከው ሁሉ እኔም ጋ እንዲመጣ።"

"ቁጥሩ ያንተ ነው?"

"የድሮ ቁጥሬ። ከተውኩት ቆየ... ለሌላ ሰው ሸጠውት ይሆናል እንግዲህ።"

ይሆናል ይላል እኮ። ሲም ካርድ ካልተጠቀሙበት ለሌላ እንደሚሰጥ ናይሮቢ ውስጥ ልጅ እንኳን ያውቃል። ስንት የሰው ምስጢር አንድ የማናውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ሲገባ ከረመ። ከነሐሴ 23 ወዲህ ደግሞ በእኔ ፈቃድ። ያን በር ዘጋሁ። 13ን ከፈትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠላሳ አንዱም ሄደ፣ ለየባለቤቱ ብቻ።

ጳጉሜ 2

ቁጥሩ ላይ ደወልኩ። ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር። ሙቲሶ ይባላል፣ ጎማ ጠጋኝ ነው። ስዋሂሊዬን ሲሰማ ቀስ ብሎ በእንግሊዝኛ አወራኝ።

"እናንተ ናችሁ? ሁለቴ ደወልኩላችሁ እኮ። አንዲት ሴት ሮንግ ነምበር እያለች ዘጋችብኝ።"

እኔ ነኝ አልኩት። ሳቀ።

ከጥር ጀምሮ ነው የሚደርሰው። ለማንም አላሳየም፣ ያጠፋዋል። የእትዬ የሺወርቅ ግን "በአስቸኳይ ይምጡ" ይላል፣ ስማቸውና ቁጥራቸውም አለበት። "እኔ ጋ ተሳስቶ ከመጣ እሷ አላገኘችውም ማለት ነው ብዬ ደወልኩላት። እናቴን የገደላት ይኸው በሽታ ነው።"

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አስካሪ እያልኩ ወር ሙሉ ስደክም፣ ሊነግረን የደወለውን ሰው ሁለቴ የመለስኩት እኔ።

መስከረም 1

ፓርክላንድስ እትዬ የሺወርቅ ቤት ሄድኩ። የአርቡ ውጤት ለእሳቸው ብቻ ደርሷል፣ የደወለ የለም። ቢሆንም ሁሉን ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኛ እንደነበር፣ ነሐሴ ላይ "ተደፍኗል" ስል እንዳልተደፈነ፣ ሰውዬው ምን ፈልጎ እንደደወለ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር።

"እኔ እኮ ሰደብኩት" አሉ። "እናቱን ሳይቀር።"

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉለት። ስዋሂሊያቸው ከእኔ በብዙ ይሻላል። "ምዋናንጉ" ይሉታል፣ ልጄ። ድምፁ ለእኔም ይሰማል፣ ቀስ ብሎ ስለሚናገር ይገባኛል። ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቃቸው መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው ወይ ብሎ ነው።

"ያን ቀንም ይኼንኑ ነበር የጠየቀኝ" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

ነገ ጠዋት መጥተው መድኃኒቱን ይጀምራሉ። ስልኩን ሲዘጉ ሰጡኝ። "መነጽሬ የለም፣ እስቲ ስሙን አስተካክይልኝ።" አየሁት። "ሌባው" ብለው ነው የመዘገቡት። አጥፍቼ ሙቲሶ ብዬ ጻፍኩላቸው።