መነጽር ስላደረገው ቧንቧ

ለተከበራችሁ የከተማችን አስተዳደር የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ኃላፊና የማኅበራዊ ገጹ አዘጋጆች፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ሆዳችሁ ሰላም፣ የምትጠጡትም ውሃ ንጹሕ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ጸጉር ቤት የምሠራ ጸጉር አስተካካይ ስሆን፣ ከዐርባ ሺህ ተከታዮቻችሁም አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፈው ስላሳቃችሁኝ ላመሰግናችሁ ነው።

አንደኛ፤ ባለፈው ወር ማክሰኞ ጠዋት ያወጣችሁት ሥዕል እጅግ የተዋጣለት ነበር። ጥቁር መነጽር ያደረገ ቧንቧ በመዝናኛ ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ «ዛሬ ዕረፍት ላይ ነኝ፤ የሳመኝ ሰው ሆዱ ሲዘፍን ይውላል!» ይላል። ምላጬን አስቀምጬ ለደንበኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ፊቱ በሳሙና የተለቀለቀ አንድ መምህር ሳል እስኪያጣድፈው ሳቀ። እኔም የሳቁን ምልክት ተጭኜ ቤት ላለችው ባለቤቴ ላክሁላት፤ እሷም ሦስት ሳቂታ ፊት መለሰችልኝ።

ሁለተኛ፤ የፍሳሽ መስመር ፈንድቶ ከመጠጥ ውሃው ጋር መቀላቀሉን፣ ሳይፈላም መጠጣት እንደሌለበት ከሥዕሉ ሥር «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚለውን ለሚጫን ትጉህ ሰው በደቃቅ ፊደል ስለገለጻችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ አልተጫንኩም። ቀልድ ማን እስከ ታች ያነባል?

ሦስተኛ፤ ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ስልክ የላትም። በዚያው ቀን ቀትር ላይ እናቴ ኪኒኗን የምትውጥበትን ውሃ ባለቤቴ ከቧንቧው ቀድታ ሰጠቻት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአልጋዋ መነሣት አቃታት፤ ከሰዓት በኋላ ዐይኗ ጎደጎደ። አዝዬ ጤና ጣቢያ ሳደርሳት እንደ ባዶ ጆንያ ቀለለችኝ። ነርሷ፣ «ማስጠንቀቂያው አልደረሳችሁም እንዴ፣ ወንድሜ?» አለችኝ። «ደርሶናል፤ ስቀንበታል» አልኳት። የእናቴን ክንድ ይዛ ደም ሥር መፈለጓን ቀጠለች።

ዘጠኝ ቀን በጉሉኮስ ሰነበተች። ተርፋለች፤ ኩላሊቷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ባለቤቴ ዛሬም ለእናቴ የምትሰጣትን ውሃ ሁለት ጊዜ ታፈላለች። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦ «ልጄ፣ ያን ቀን ሚስትህ ስልኳን እያየች ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ምን እንደሚያስቃት ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ!» እሷ ራሷን ትወቅሳለች፤ ሥዕሉን የላክሁት እኔ ነኝ።

አራተኛ፤ ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። በትሕትና የተቀበሉኝ ሠራተኛችሁ፣ «እሱ ማስታወቂያ እኮ ዘንድሮ ካወጣናቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያየው ነው» ብለው አጽናኑኝ። እውነታቸውን ነው፤ በጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ተኝተው የነበሩት አብዛኞቹ አይተውታል።

የቀልድ ጠላት አይደለሁም፤ ጸጉር ቤት ያለ ጨዋታ አይውልም። ነገር ግን ምላጬ የሰው ጉሮሮ ላይ ሲደርስ «እንዳትነቃነቅ» ነው የምለው፤ ይህን ስልም ማንንም አስቄ አላውቅም።

ሳቃችሁ ሳይጎድል፣ ሕመምም ደጃችሁን ሳይረግጥ፣ ብዙ ሰው የሚያያችሁ እንጂ ብዙ ሰው የሚያለቅስባችሁ እንዳትሆኑ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የማዞሪያው ጸጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልልክ ስል «ደክሞኛል፣ ትንሽ ልተኛ!» የሚል የሚያዛጋ ድልድይ ሥዕል ለጥፋችሁ አየሁ። ድልድዩን ሄጄ ባየው መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። ከአንድ ዳቦ አመላላሽ ጋር ሆነን ገመድ ወጠርንና ካርቶን ላይ «ድልድዩ ተሰንጥቋል። አትሻገሩ።» ብለን ጻፍን። ቆሜ ባየሁበት ጊዜ ሁሉ ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልተሻገረም።