ፈጣኑ ወይስ ሰፊው

ጥር 6፣ ጠዋት
ዛሬም ቀጭ ቀጭ ይላል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ማለቴ ነው። ሃያ ስድስት ሠርግ ሆዱ ውስጥ ይዞ! ደብተሬ፣ አትፍረድብኝ፤ ሌላ ቦታ አልገለበጥኳቸውም። በሠርጉ ማግስት የካሜራውን ካርድ አጥፍቼ ወደሚቀጥለው ሙሽራ እሮጣለሁ። ፍኖተ ሰላም ያለን ቪዲዮ አንሺዎች ሁላችንም እንደዚያው ነን።

አዲስ ኮምፒውተር የግድ ነው። ወንድሜ ሰይድ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ያመጣልኛል። የትኛው ኤስኤስዲ፣ ማለትም አዲሱ ዓይነት ዲስክ፣ ይግባበት ይላል። በአንድ ዋጋ ሁለት ምርጫ። ኤንቪኤምኢ የሚሉት፣ እንደ መብረቅ ፈጣን፣ ግን ግማሽ ቴራ። ወይ ሳታ፤ ዘገምተኛ፣ ግን እጥፍ ሰፊ።

ጥር 7
አያ ምናሉ ከፈረስ ቤት መጡ። ካቻምና የልጃቸውን ሠርግ ያነሣሁላቸው ገበሬ ናቸው። የሰጠኋቸው ፍላሽ ጠፍቷል። ባለቤታቸው አምና ዐረፉ፤ ሙት ዓመታቸው በዚህ ወር ነው። ሴትዮዋ ካሜራ ይሸሹ ነበር፤ ከመታወቂያው ጉርድ ሌላ ፎቶ የላቸውም። እዚያ ሠርግ ላይ ግን እስክስታ ወርደዋል፣ ስቀዋል። ያችን ሳቅ አውጪልኝ አሉ። አለ፣ አይጨነቁ አልኳቸው። ቆመው መረቁኝ።
ምን አስቀባጠረኝ? ዲስኩ ይከፈት አይከፈት እንኳ አላውቅም።

ጥር 8
ወሰንኩ። ፈጣኑ። ከመንገድ ማዶ ያለው ስቱዲዮ ሠርግ በሦስተኛው ቀን ያስረክባል፤ እኔ ወር እፈጃለሁ። ቀናሁ፣ አዎ! ሰይድ በስልክ አፌዘብኝ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አለኝ። የጨርቅ ነጋዴ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ጥር 12፣ 4 ሰዓት
ኮምፒውተሩ መጣ። ሲነሣ ዓይን አያስከድንም። ደስ አለኝ። አሮጌውን ሰክቼ መቅዳት ጀመርኩ... ጉድ! ፈጣኑ ቆሞ ይጠብቃል። ለካ የሚቀዳው በአሮጌው ፍጥነት ነው። ከሚንጠባጠብ ቧንቧ ሥር ሰፊ ባልዲ እንጂ ፈጣን ባልዲ ምን ያደርጋል? ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ቪዲዮ ቆረጥኩ! አፈርኩ።
ባሕር ዳር ላለ ጠጋኝ ደወልኩ። ዲስኩ አንዴ ከጠፋ ዳግም ላይነሣ ይችላል፣ የምትወጂውን አስቀድሚ አለኝ።

5 ሰዓት
የምወደው። የእህቴ ኒካህ አለበት፤ ቡሬ፣ እቤታችን። አባባ ዱዓ ሲያደርግ። በዚያው ዓመት ሞተ። ድምፁ ሌላ የትም የለም።
የአያ ምናሉ ፎልደርና የእኛ ከሁሉም የገዘፉ ናቸው፤ አብረው አይገቡም። ከፕሮግራሞቹ የተረፈው ቦታ ለአንዱ ብቻ ይበቃል። እየከፈትኩ ላማርጥ ብል ክሊፖቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፤ ዲስኩም እየጋለ ነው። ሌላ ሰፊ ዲስክ ከሱቅ ሱቅ ጠየቅሁ፤ የለም። ያ አላህ! ሰፊውን ብል ኖሮ!
ሰይድን ልጠይቀው? አባባን አስቀድሚ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አልደወልኩም።
ቃል የሰጠሁት ለሽማግሌው ነው። አለ ብያለሁ። የሳቸውን ፎልደር ወደ አዲሱ ጎተትኩ። አለቀስኩ።

9 ሰዓት ተኩል
አለቀ። የሴትዮዋ ሳቅ አለ፤ ጥርሳቸው ሁሉ ታይቶ። አልሐምዱሊላህ።
በተረፈችው ጥቂት ቦታ ከእኛ ፎልደር ሦስት ክሊፕ በግምት መረጥኩ። አንዱ ገባ። ሁለተኛው ላይ ዲስኩ ዝም አለ። ነቅዬ ሰካሁት። ደግሜ ሰካሁት። ምንም።
አንድ ክሊፕ። ዱዓው ይሁን፣ የወጥ ቤቱ ድንኳን ይሁን አላውቅም። ልከፍተው ብዬ ተውኩት።
ለሰይድ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ስል ሱቁን እየዘጋሁ ነው አለ። እስክደርስ ብቻሽን እንዳትከፍቺው አለ።
አልከፍተውም።