የተገለባበጠው ቤት

ይድረስ ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግቡስ ይጥምህ ጀመር? እኛ አለን። እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ከማገገሚያው ትወጣለህ ሲሉኝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ልጠይቅህ የመጣሁ ዕለት አማካሪው ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ሱስ በሽታ እንጂ የጸባይ ጉድለት አይደለም አለኝ። ሰው ከተሻለው በኋላም ኪኒኑን ይውጥበት የነበረው ክፍል፣ ወንበሩ፣ ሽታው ሳይቀር አምሮቱን ሊቀሰቅስበት ይችላል አለ። ሰውነትህ መድኃኒቱን ስለረሳው ደግሞ፣ ድሮ ምንም የማያደርግህ መጠን ዛሬ ሊገድልህ እንደሚችል ነገረኝ።

እኔም ቤቱን እንዳታውቀው ብዬ ገለባበጥኩት። አልጋህን ሳሎን አወጣሁት። የስፌት መኪናዬን መኝታ ቤት አስገባሁ። መጋረጃውን ቀየርኩ። ከሥራ ላይ ወድቀህ ወገብህ ከተጎዳ ጀምሮ የምትጋደምበትን ሶፋ ለሰው ሰጠሁ። እማዬ በለመደችው ስትሄድ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላትማ፣ «እሱ ሲድን አንቺ ልታብጂ ነው? በገዛ ቤቴ መሪ ልትቀጥሪልኝ ነው?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ባለሱቁ ደግሞ ቤቱ ሊሸጥ ነው ወይ እያለ ሰፈሩን ሲጠይቅ ዋለ።

አማካሪው ለወገብህ ሕመም ከታዘዙልህ የተረፉትን ኪኒኖች ለመድኃኒት ቤት መልሺ ብሎኝ ነበር። ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም። እማዬ ነጥቃኝ ደበቀቻቸው፤ የት እንደሆነም አልነገረችኝ። ቤቱ እንደዚያ ተተራምሶ እያለ እጄ ቀጥ ብሎ ሄዶ አገኛቸው።

ሰሞኑን ያዛጋኛል፣ ያልበኛል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል። ጉንፋን ነው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንኳ አቅቶኝ እማዬ በዚያ በደከመ ዓይኗ «አምጪ እኔ ላስገባልሽ» ትለኛለች። ጠዋት ይብስብኛል፤ ከዚያ ድንገት ብን ብሎ ይጠፋል። እንዲህ የሚመላለስ ጉንፋን አይቼ አላውቅም። አማካሪው ያን ሁሉ ሲነግረኝ ስለ አንተ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። አሁን የቱን ስለ ማን እንዳለው ተምታታብኝ።

ሙሉ ቀን አጎንብሼ ሰፍቼ ወገቤ ሲቆረጥ፣ ያንተን ኪኒን ለሁለት ገምሰህ ታካፍለኝ ነበር። እዚያው ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን በማይረባ ነገር እንስቅ ነበር። ሶፋውን ሰጠሁ፤ እኔን የት ላድርገኝ?

ስትመጣ እማዬ በር ትከፍትልሃለች። እኔን ብታጣኝ አትቀየመኝ። ከመውጣትህ በፊት ግን አማካሪውን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ እዚያ ሴትም ይቀበላሉ? ለአንዲት ጎረቤታችን ነው። ዝምተኛ ናት፤ ስፌት ትችላለች፤ አታስቸግራችሁም በልልኝ።

ፈጣሪ እንቅልፍህን የሰላም፣ ማለዳህን የብርታት ያድርግልህ። የምትገባበት ቤት ይቅናህ።

እህትህ