ወፍሬ አለቀስኩልህ

ካስዬ፣

እንደምን አለህልኝ ብዬ ልጀምርና እጄ ቀጥ ይላል። የሞተ ሰው እንዴት ሰላም እንደሚባል ማንም አላስተማረኝም። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው፤ ሙት ዓመትህ ደረሰ። እኔ ግን ያኔ ግራ እንደገባኝ አለሁ።

ለመሆኑ ተራው የኔ አልነበረም ወይ? የታመምኩት እኔ። ቆዳዬ እንደ ተቃጠለ ሰው ውኃ እየቋጠረ የሚላጠው እኔ። የከተማችን የመርሳ ሰው እኔን ለመቅበር ተዘጋጅቶ ሳለ፣ አንተ ከማንጎ ማሳህ ተመልሰህ ደረቴን ብለህ ቁጭ አልክ፤ በዚያው ቀረህ። እግዜር በር ተሳስቶ ይሆን እላለሁ። መልሼ ደግሞ ይቅር በለኝ እላለሁ።

አፌ ውስጥ ሲጀምረኝ ትዝ ይልሃል? በርበሬ እምቢ አለኝ። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ጠጣሁ። ደረቴ ላይ ሲወጣ አልማዝ ባለጭራ ነው ተባለ፤ ቅጠል ተለጠፈብኝ፣ ቅጠሉም ሲነሳ ከነቆዳዬ ተነሳ። ያኔ ነው ወልድያ፣ ከወልድያም ደሴ የወሰድከኝ። ሐኪሟ ስሙን በፈረንጅ አፍ ነግራን ሁለታችንም ሳንይዘው ወጣን። የያዝነው አይጋባም ማለቷንና የገዛ ደሜ ቆዳዬን ጠላት መስሎት እንደሚዋጋው ብቻ ነው። አንተ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ድሮስ ከራስሽ ጋር መቼ ተስማምተሽ ታውቂያለሽ ብለህ አሳቅከኝ። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደማና ሰደብኩህ።

አንሶላው ከቁስሌ ጋር እየተጣበቀ ሲያስጮኸኝ፣ ከማሳው ዳር የሙዝ ቅጠል ቆርጠህ፣ አጥበህ አልጋዬ ላይ አነጠፍክልኝ። ዘዴውን ከየት እንዳመጣኸው ብጠይቅህ እንደ ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልዬ ልጋግርሽ ነው አልክ እንጂ አልነገርከኝም። በዚያ ቅጠል ላይ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

የለቅሶህን ነገር ልንገርህ። ሐኪሟ ያዘዘችልኝ ያ ኪኒን ቁስሌን አድርቆልኝ ፊቴን ግን ነፍቶት እንደነበር ታውቃለህ። ጉንጬ ቀልቶ፣ አገጬ ተደርቦ። ደረቴን ልድቃ ብል ቆዳዬ ይነሳል፤ ፊቴን ልንጭ ብል የማይሆን ነገር ነው። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ይባስ ብሎ ራበኝ! ያ ኪኒን ሰው እንዴት እንደሚያስርብ አንተ ነህ የምታውቀው። አንተ አፈር ለብሰህ እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሜ እንጀራ በሽሮ እጎርስ ነበር፣ እንባዬ እየተንጠባጠበበት። ያየችኝ አየችኝ። በሳልስትህ አገሩ ሁሉ ሰማ፤ የካሳው ሚስት ባሏን ቀብራ ወፈረች ተባለ።

እናትህም ሰሙ። አምሮብሻል አሉኝ። ካስዬ፣ ከቁስሌ ሁሉ ያቺ ቃል አመመችኝ።

ከዚያ ወዲያ ራሴንም ማመን አቃተኝ። ሐኪሟ ኪኒኑ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያለ ምክንያት ያስለቅሳል፣ ያስቃልም ብላናለች። ታዲያ ተቀምጬ ስነፋረቅ ያንተ እንባ የትኛው ነው? የኪኒኑስ? አንድ ቀን ሸሚዝህን ሳጥብ ሳቅ አፈነኝ። የማን ሳቅ እንደሆነ እንጃ!

እንግዲህ አትቆጣኝ፤ ለሙት ዓመትህ የሐዘንተኛ ፊት ይኑረኝ ብዬ ኪኒኑን ተውኩት። በድንገት ካቆምሽው ይገድልሻል መባሌን አብረን ሰምተናል። ቢሆንም ተውኩት። ጉንጬ ሳይጎድል አፌ ተላጠ፣ ጀርባዬ ውኃ ቋጠረ፣ ውኃ መዋጥ እንኳ አቃተኝ። ሊጠይቁኝ የመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አይ፣ ሐዘኑ አሁን ገና ገባት አሉ። ልሞት ስል አመኑኝ። ይሄ እንዴት ያለ ነገር ነው?

በማግስቱ እናትህ መጡ፣ ካንተ ማሳ የተቆረጠ የሙዝ ቅጠል ታቅፈው። አጠቡት፣ አነጠፉት። ጀርባዬን ገልጠው ሲያዩ ያ ኮስታራ ፊታቸው ተለወጠ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ላንተ ይሁን ለኔ አልጠየቅኳቸውም። የሙዝ ቅጠሉን ማን ነገረዎት አልኳቸው እንጂ። ለካ ልጅ ሳለህ እሳት በልቶህ እሳቸው ናቸው እንዲህ ያነጠፉልህ! ይሄን ሁሉ ጊዜ በእናትህ ቅጠል ላይ ነበር የተኛሁት።

የዚያኑ ዕለት መኪና ተለምኖ ደሴ ደረስኩ፤ ኪኒኑም እንደገና ተጀመረ። አሁን በየጠዋቱ እናትህ ናቸው የሚሰጡኝ፣ ስውጥ ካላዩ አይሄዱም። አንድ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልቀብርም ይሉኛል፣ ያውም በቁጣ።

ፊቴ እንደነበረ ነው፤ አልጎደለም። እንባዬን ከኪኒኑ እንባ መለየት አሁንም አልሆነልኝም፣ መለየቱንም ትቼዋለሁ። አንተን ግን አልረሳም፤ ቃሌ ነው። ለሙት ዓመትህ ከነጉንጬ ከእናትህ ጎን እቀመጣለሁ። ሲርበኝም ከድንኳኑ ጀርባ አልሄድም፤ እዚያው ሰው ፊት፣ ስምህን እየጠራሁ እበላለሁ።

በኮባ የጠቀለልካት
ሚስትህ