ታናናሾቹን ያስቀደሙት የከብት ሐኪም

በሠፈሩ ሰው ዘንድ «ዶክተር ጓንት» በመባል የሚታወቁት የከብት ሐኪም፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከወተት መሰብሰቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለአምስት እህቶች ብቸኛ ወንድም ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሠፈር ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ፣ በስፖርት ደግሞ ጥሩ ተመልካች እንደነበሩ አብሮ አደጎቻቸው ይመሰክራሉ። ከዚያም በእንስሳት ሕክምና በማዕረግ ተመረቁ። አባታቸው ግን «ሰው ያክማል ስል ላም!» እንዳሉ ሳይጽናኑ አረፉ።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው በከተማው ዳር ባለው የእንስሳት ክሊኒክ ተቀጠሩ። «ለአንድ ላም አንድ መርፌ፣ አንድ ጓንት» ብለው ድርቅ ስላሉ ቅጽል ስሙ ሳምንት ሳይሞላ ወጣላቸው። በዚያው ሰሞን፣ በመሰብሰቢያው ወተት እየመረመሩ የሚረከቡትን የዛሬዋን ባለቤታቸውን ወደዱ። ችግሩ የልጅቱ እናት ከብት አርቢ መሆናቸው ነበር።

በአማታቸው በረት ታላቅ ይቀድማል። የክትባት ቀን መጀመሪያ የምትወጋው «እሜቴ» የሚሏት አሮጊቷ ላም ነበረች፤ ሌሎቹ በዕድሜያቸው ይከተላሉ። መርፌው ግን ያው አንዱ ነው፤ ቀንድ መቁረጫውም እንዲሁ። ሐኪሙ የላሞቹን ደም አስመረመሩ። ከእሜቴ ጀምሮ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ለከብት የደም ካንሰር ምክንያት የሚሆን ሬትሮቫይረስ ተገኘ።

ይህን ለወደፊት አማት መንገር ቀላል አይደለም። እሳቸው ግን ሳሎን ተቀምጠው እንዲህ ሲሉ አስረዱ፦ ቫይረሱ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ እንደ ተከራይ ገብቶ በቤቱ ካርታ ላይ ስሙን ያስጽፋል፤ ሕዋሱ ሲባዛ እሱም አብሮ ይባዛል። አብዛኞቹ ላሞች ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። በጥቂቶቹ ግን ከዓመታት በኋላ ሌላም ብልሽት ሲታከልበት ሕዋሱ ልጓም ይበጥሳል፤ ያኔ ካንሰር ይሆናል። መድኃኒት የለውም። በብዛት የሚተላለፈው በደም ስለሆነ፣ መርፌ ይቀየር፤ ንጹሖቹ ታናናሾች ይቅደሙ፤ እሜቴ መጨረሻ ትሁን።

«የእኔ ላም ቤት አታከራይም!» አሉ አማታቸው። «ታላቅን ከጥጃ ኋላ! አሳዳጊ የበደለህ! ቃልህን ካላነሳህ ላሜንም ልጄንም እርሳ።»

እሜቴም ነገሩን የሰማች ይመስል በዚያ ዓመት ከምንጊዜውም በላይ ታለበች። አማታቸው ሐኪሙን መንገድ ላይ ባገኟቸው ቁጥር «በሽተኛዋ ሰላም ብላሃለች» ይሉ ነበር። እጮኛቸው በሁለት እሳት መካከል ሆነው «ተሳስቻለሁ በልና እንጋባ» ብለው ለመኑ። «ዋሽቼ ካገባሁሽ ነገ እናትሽን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አሉ። ሠርጉም ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት ከእሜቴ ቀጥላ ትወጋ የነበረችው ጥቁሯ ላም ከሳች፤ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። ሌላ ሐኪም ቢወጋትም አልተሻላትም፤ ሞተች። አማታቸው ሰው አልላኩም፤ ራሳቸው ክሊኒኩ ድረስ ሄደው ሐኪሙን ይዘው መጡ። በድኗ ሲከፈት እብጠቱ ልቧ ላይ ሳይቀር ተገኘ። ሐኪሙ «ብዬ ነበር» አላሉም። አማታቸው «ነገ ከጥጆቹ ጀምር» አሉ።

ሠርጉ በወሩ ተደረገ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። የተያዙት ላሞች ተለይተው፣ ጥጆቹ የንጹሕ ላም ወተት እየጠጡ አድገው፣ ከዓመታት በኋላ በረቱ ከቫይረሱ ነጻ ሆነ። እሜቴ ግን ለብቻዋ ቤት ተሠርቶላት፣ ቫይረሱን እንደያዘች በእርጅና ሞተች። አማታቸው «አላልኩህም?» አሉ። ሐኪሙ «ብዙዎቹ ምንም አይሆኑም ብዬ ነበር እኮ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው!

ሐኪሙ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ፣ ነርሶቹን «እጃችሁን ታጠቡ» በሚል ንዝንዝ አማረሯቸው። አስታማሚ የነበሩት አማታቸው ግን «የሚላችሁን ስሙት፤ እኔ አልሰማ ብዬ ላም ቀብሬያለሁ» ይሉ ነበር። ሐኪሙ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ ትናንት ለእናቱ ሲያነብላቸው የቤተ ዘመዱ ዝርዝር ላይ ሲደርስ «አማታቸውን» የሚለው ላይ አስቆሙት። «የወለደችው በሕይወት የለችም። ታዲያ ዛሬ ልጄ ብሎ የሚያለቅስለት ማን ነው? አስተካክል» አሉት።

ስለዚህ ሐኪማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት እህቶቻቸውንና እናታቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለእናታቸው ብርታትን ይስጥ።